አምስት ጸጥ ያሉ ቀናት

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ፌርፋክስ ወጥቼ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ ጀርባ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ ትንሽ ጀልባ የሚጎትት ፒክአፕ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ከሬዲዮው ደግሞ ያ የማውቀው፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ከባሕር ዳርቻው እስከ ካታሊና ደሴት፣ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ማዕበል ከሦስት እስከ አምስት ጫማ፣ የቀጣዮቹ አምስት ቀናት ትንበያ ደግሞ እንዲህ ነው ይላል። ቁልፌን እንደያዝኩ ሰውየው እስኪሄድ እዚያው ቀረሁ። በርበሬውም ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እኛ ኢንግልዉድ ያደግነው ይህን ድምፅ እየሰማን ነው። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ነበር፤ እዚህ መጥቶ የኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ሌላው ሾፌር በጠዋት ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲሰማ፣ የእኔ አባት ፍሪጁ ላይ ያለችውን ሬዲዮ ከፍቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ የመርከበኞችን ትንበያ ካልሰማ ከቤት አይወጣም። እማዬ እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይገባት ከዚያ ሁሉ ንግግር የምትለቅመው «ዊንድ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱን በሰማች ቁጥር እኔንና ወንድሜን በሹራባችን ላይ ጃኬት ደርባ ትሰደናለች። ነፋሱ ያለው የትና የት፣ ውቅያኖሱ መሃል! እኛ በዚያ ፀሐይ ላብ በላብ ሆነን ክፍል ስንገባ፣ አስተማሪዋ አንድ ቀን ቤታችን ማሞቂያ እንደሌለው ጠርጥራ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። የፌርፋክስ ሰውም ክርስትና ሲደግስ ይዘንባል ወይ ብሎ ለአባዬ ይደውላል። እሱ ስለ ማዕበሉ ከፍታ አብራርቶ ይነግራቸዋል፤ እነሱም አመስግነው ስልኩን ይዘጉና ድንኳናቸውን ለማንኛውም ይተክላሉ።

ጀልባም ነበረችው፤ ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ከነበረው ጓደኛው ከጋሽ ታደሰ ጋር ሆነው ነው የገዟት። ጋሽ ታደሰ ቀልደኛ ነው፣ ዋና አይችልም። ሥራ በማይኖራቸው ቀን ሳን ፔድሮ ወደብ ሄደው ሲጠግኗት ይውላሉ እንጂ ከወደቡ እምብዛም አይርቁም ነበር። የአባዬ ምኞት እማዬን ከጎኑ አስቀምጦ ካታሊና ደርሶ መመለስ ነው። ምጽዋ እያለ እሷ የብስ ላይ ሆና ስትጠብቀው ስለኖረች፣ አንድ ቀን ባሕሩን አብረን እናየዋለን ብሎ ቃል ገብቶላታል። እማዬ ግን የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ ውሃ የምትወደው በእንስራ ሲሆን ነው። ሬዲዮው አምስቱንም ቀን ጸጥ ይላል ካላለ እግሬን አላነሳም አለች። ሬዲዮው ደግሞ አራቱን ቀን ደህና ብሎ በአምስተኛው አንድ ጣጣ ሳይጨምር አያልፍም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ሐኪሙ አባዬን፣ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል አለው። ከዚያ ወዲህ አባዬ ጥርሱን እየፋቀ መስማቱን ተወ፤ ሬዲዮው ፊት ቆሞ ነው የሚያዳምጠው።

በአንድ ጥቅምት ያ ጉንፋናም ድምፅ፣ አምስቱንም ቀን ቀላል ነፋስ፣ ማዕበል ከሁለት ጫማ በታች አለ። አባዬ እስኪደገም ጠብቆ እንደገና ሰማው። እማዬን ቃሏን ማጠፍ አሳፈራት፤ ዳቦ ቆሎ ቆላች፣ ለቅዱስ ሚካኤልም ተሳለች። ቅዳሜ በማለዳ ከጋሽ ታደሰ ጋር ሊሄዱ፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለ። የጋሽ ታደሰ እናት አገር ቤት አርፈዋል፤ እሱ ገና አልሰማም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። የደወሉት ሽማግሌ የአባዬን የዓይን ነገር ያውቃሉ፤ ግድ የለም፣ ይዘኸው ሂድ፣ እሑድ ስትመለሱ እናረዳዋለን፣ እሑድ ለሁሉም ይመቻል አሉት። ማንም አይወቅሰውም ነበር። አባዬ ግን ፍሪጁ ላይ ያለችውን ሬዲዮ ዘጋት።

«እናቱ ሞታ እኔ ባሕር ላይ ሳስቀው ልውል? የለም፣ ነገ በማለዳ እንሂድ» አለ።

በማለዳ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ በሩን የከፈተልን ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከቤቱ ለብሶ ነው። ምነው ዘገያችሁ፣ ባሕሩ እኮ ዘይት ሆኗል ብሎ ሊቀልድ ጀመረና ከአባዬ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሰዎች አየ። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ነው ያለቀሰው፤ አባዬ አቅፎ ደገፈው።

አምስቱንም ቀን ባሕሩ ጸጥ ብሎ ከረመ፣ ሬዲዮው ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልተሳሳተም። አባዬ ለቅሶ ቤት ለሚመጣው ሁሉ ወንበር ሲያቀርብ ሰነበተ። ጋሽ ታደሰ መርዶው እሑድ ይሁን ተብሎ እንደነበር ከሰው ሲሰማ፣ ወስደኸኝ ስንመለስ ብታረዳኝ ምን ነበረበት ብሎ ተቆጣው። አባዬ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም አለው።

ባሕሩማ የትም አልሄደም። አባዬ ግን ቀኑን ከሌሊቱ ከመለየት በቀር ምንም ወደማያይበት ደረሰ። ያኔ በአንድ ሚያዝያ፣ ሬዲዮው በአምስተኛው ቀን ነፋስ ይነሳል እያለ፣ እማዬ ራሷ ተነሱ አለችን። መሪውን አባዬ ያዘ፣ ጋሽ ታደሰ ግራ ቀኝ እያለ መራው፣ እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ብረት ሙጭጭ ብዬ ይዣለሁ። ካታሊና ፊታችን ስትመጣ ደረስን ለማለት የደፈረ አልነበረም።

«በየት በኩል ናት?» አለ አባዬ።

እማዬ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ደሴቲቱ አዞረችለት፣ ወደቡ እስክንገባም አልለቀቀችውም። አባዬ ዛሬ የለም። ያን ቀን ደሴቲቱን ያየናት እኛ ነን፤ ሊያያት የኖረው ግን እሱ ነበር፣ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።