ምንም የማይጠይቀው ዲስክ

በሙያዬ ከኮራሁባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ በእጄ የሠራሁት የዊንዶውስ መጫኛ ዲቪዲ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ለዓመታት ያስመረረኝ ጥገናው ሳይሆን መጠበቁ ነው። ሲስተሙ አንድ ሰዓት ይጫናል። ሲያልቅ ድምፅ የለውም፣ ኔትወርክ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ፍለጋ ይገባል። ቀጥሎ አፕዴቱ፣ የሲስተሙ ማሻሻያ፣ ይመጣል። ግማሽ ቀን ሲወርድ የዋለ አፕዴት ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ከዜሮ። ደንበኛው ደግሞ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና በየአምስት ደቂቃው «አላለቀም?» ይላል።

ስለዚህ አንድ ክረምት ሙሉ የራሴን ዲስክ ስሠራ ከረምኩ። ዋናውን መጫኛ ፈትቼ ያወረድኳቸውን አፕዴቶች አንድ በአንድ ውስጡ አስገባሁ። ወደ ሱቄ የሚመጡት አሮጌ ዴስክቶፖች የሚፈልጉትን የድምፅ፣ የኔትወርክና የስክሪን ድራይቨር ለቃቅሜ ጨመርኩበት። ከዚያ መልሼ ዲቪዲ ላይ ጻፍኩት። ሦስት ዲቪዲ ካበላሸሁ በኋላ አራተኛው ሠራ። አንድ ማሽን ውስጥ ከትቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሁሉም ነገር ተጭኖ፣ ድምፁ ሳይቀር ወጥቶ አገኘሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ልቤ ትንሽ አብጦ እንደነበር አልክድም።

ቆየት ብሎ አንድ የግል ትምህርት ቤት የላብራቶሪውን ሃያ ኮምፒውተሮች እንድጭንለት ጠራኝ። ሃያ ማሽን ፊት እየተመላለስኩ «ቀጥል» የሚለውን መጫን ስላልፈለግሁ ዲስኩ ላይ አንዲት ትንሽ ፋይል ጨመርኩ። መጫኛው ለሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈባት ፋይል ናት። ቋንቋው ምን ይሁን? መልስ አለ። ሰዓቱስ? መልስ አለ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ምን ይደረግ? ሁሉም ይጥፋ፣ ዲስኩ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ አዲስ ይጀመር። ለትምህርት ቤቱ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነበር። ሥራውን በአንድ ቀን ጨርሼ ሱቅ ተመለስኩና ዲስኩን ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። በሌሎቹም በዚህኛውም ላይ በማርከር የጻፍኩት ቃል አንድ ነበር፤ «የመጨረሻ»። ሰነፍ ሰው ለዲስክ ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ከፉሪ በሚኒባስ፣ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች።

«ወንድሜ፣ ድምፁ እምቢ አለኝ» አለች። «ሌላ ሰው ዊንዶው ጫነልኝና ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ለአባዬ በጣም ያስፈልገዋል።»

አባቷ ከደቡብ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በጸሎት ቤት መዝሙር ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ራሳቸው የደረሷቸውን መዝሙሮች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው በማይክ ይቀዱ ነበር። አምና ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸው ጠፋ።

«ግን የራሱን መዝሙር ስከፍትለት አብሮ ይዘምራል» አለችኝ። «ቃሉ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣለት። ሐኪሙም በየቀኑ አዘምሪው፣ በዚያ በኩል ንግግሩ ሊመለስ ይችላል ብሎኛል። አሁን ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ምንም ቃል አልወጣውም።»

«እናንተ ብትዘምሩለትስ?»

«ሞከርን። ዝም ብሎ ያየናል። ከራሱ ድምፅ ጋር ካልሆነ አይሆንለትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁሉም ዲ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የለንም። ዲ አይነካም አይደል?»

«ዲ አይነካም፣ እህቴ» አልኳት።

ኮምፒውተር የነካ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፎርማት ሲደረግ ሲ ይሄዳል፣ ዲ ይቀራል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች ፎቶ ሁሉ ዲ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለቱ የአንድ ሃርድ ዲስክ ክፍሎች መሆናቸውን ግን ማንም ልብ አይልም። እኛ ጠጋኞችም ኮፒ ከመያዝ ይልቅ «ዲ አይነካም» ማለት ለምዶብናል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ሁልጊዜም እውነት ሆኖ ነበር።

ደግሞም ለእሷ የድምፁን ድራይቨር ብቻ ፈልጎ መጫን ይበቃ ነበር። እኔ ግን ዲስኬን ማሳየት ፈለግሁ። ከደረደርኳቸው አንዱን አንስቼ ከተትኩና፣ መጫን መጀመሩን አይቼ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። እሷ ቀርታ ትጠብቅ ነበር። ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ድምፅ አሰምቶ ነበርና።

«ሠራ! በል አንዱን ክፈትልኝ፣ ልስማው» አለች።

ከፈትኩ። ሲ አለ፤ ዲ የለም። ስክሪኑን ደጋግሜ አየሁ፣ አጠፋሁ፣ መልሼ አበራሁ። ከዚያ ዲቪዲውን አውጥቼ በእጄ ስይዘው ለትምህርት ቤቱ የሠራሁት፣ ሁሉንም የሚያጠፋው እንደሆነ ገባኝ። ሳላስበው አፌ የለመደውን አወጣ፤ «ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል መሰለኝ።» እኛ ሙያ ውስጥ ጥፋት ሁሉ የሚጫንበት ዕቃ እሱ ነው።

አላለቀሰችም። «አይ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። «ብቻ የቻልከውን ሞክርልኝ። ጌታ ይባርክህ።» ማሽኑን ትታልኝ ሄደች። ያን ምርቃት ይዤ መካኒሳ አቦ ወዳለው ቤቴ እስክደርስ መንገዱ አላልቅ አለኝ።

የጠፋ ፋይል ፈልጎ በሚያወጣ ፕሮግራም ሁለት ቀን ቆፈርኩ። ሰው የሰረዘው ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ አለ፤ ተስፋዬ እሱ ነበር። የእኔ መጫኛ ግን እንደ ሌላው መጫኛ ቀላል አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ያጨቅሁበት አፕዴት፣ ድራይቨር፣ ይጠቅማል ብዬ የጨመርኩት ትርኪምርኪ ሁሉ መዝሙሮቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ሄዶ ተኝቷል። መጫኛውን ቀለል አድርጌ ብሠራው ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር። ስማቸው ወደ ቁጥር የተለወጠ ፋይሎች ወጡ። አብዛኞቹ አይከፈቱም፤ የተከፈቱትም ጩኸት ብቻ ናቸው። አንዷ ብቻ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል የሰው ድምፅ አላት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ዜማውን በአፍንጫቸው ትንሽ ይጀምራሉ፣ ያቆማሉ። «ቆይ፣ እንደገና ልጀምር» ይላሉ። ከዚያ ጩኸት።

ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ፉሪ ሄድኩ። ቤታቸው ገና ያልተለሰነ የብሎኬት ቤት ነው። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ፣ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ በግራ እጃቸው እጄን ያዙኝ። ልጅቷ ማሽኑን ስትሰካካ ወደ በሩ ወሰድኳትና ነገርኳት። ሃርድ ዲስኩ ደህና እንደነበር፣ የመጫኛውን ዲቪዲ ተሳስቼ መዝሙሮቹን እኔ እንዳጠፋኋቸው፣ የዋሸኋትም እኔ እንደሆንኩ፣ የተረፈችውም አንዲት ፋይል ብቻ እንደሆነች።



«ሊያጠፋ ሲል አይጠይቅም እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ቢጠይቀኝ አይሆንም እለው ነበር።»

«እንዳይጠይቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን አዙራ ወደ አባቷ ተመለሰች። ያቺን አንድ ፋይል ከፈተች። ሽማግሌው የራሳቸውን ጉሮሮ ሲሰሙ ቀና አሉ። ደገመችው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ከድምፃቸው ጋር እኩል፣ ጥርት አድርገው «ቆይ፣ እንደገና ልጀምር» አሉ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ለመዘመር ትንፋሽ ስበው ጠበቁ። ስፒከሩ ጮኸና ዝም አለ። ስፒከሩን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ። ቀጥሎ እኔን፣ ጠጋኙን አዩና በደህናው እጃቸው ቀጥል እያሉ ያመለክቱኝ ጀመር።