አክስቴ፣ ጉልበቷና ፓርቲው

አክስቴ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች። ሃያ ሁለት ዓመት! የሰፈራችን አውቶቡስ "አያዋጣም" ተብሎ ከተነሳ ወዲህ ግን እስከ ፋብሪካው ያለውን ዳገት በእግሯ ነው የምትወጣው። ጉልበቷ አብጦ ሐኪሙ "ወይ እግርሽን ወይ ሥራሽን ምረጪ" ብሏታል። ሴትዮዋ ምን አደረገች? ጎረቤቶቿን ሰብስባ አውቶቡሳችን ይመለስ ብላ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ሄዳ ቆመች። በወሩ ሦስት መቶ ሆንን። "እግረኞቹ" አሉን፤ ስሙም ጸደቀልን።

አንድ ሕግ ነበረን፦ የዚያን ዕለት ጠዋት ዳገቱን ያልወጣ ሰው ስብሰባችን ላይ አይናገርም።

ታዲያ አንድ ቀን የትልቁ ፓርቲ አደራጅ ስብሰባው መሃል ከች አለ! ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። "እትዬ፣ ዕጩያችን ይሁኑ። እግረኞቹም በኛ ስር ይግቡ፤ አውቶቡሱን ፕሮግራማችን ውስጥ እናስገባዋለን" አለ።

"ዛሬ ዳገቱን ወጥተሃል የኔ ልጅ?"

"አዎ፣ በመኪና።"

"እንግዲያው ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንጠብቅሃለን።"

ይቀራል ብዬ ተወራርጄ ነበር። ጉድ ነው፣ መጣ! ያውም በዚያ በሹል ጫማው! ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለና ሾፌሩ ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። አክስቴ እያነከሰች ደረሰችበት።

"ለሾፌሩ አይደለም። ለአለቃህ ደውልና የት እንደተቀመጥክ ንገረው።"

ደወለ። "ጌታዬ፣ እዚህ ሰው በየቀኑ..." ብሎ ትንፋሽ አጠረው። እኛ በሳቅ ፈረስን።

በሳምንቱ ፓርቲው ጥያቄያችንን ለከተማው ምክር ቤት አቀረበ፣ ጸደቀ! ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። አደራጁ የአባልነት ፎርም ይዞ ሲመጣ ግን አክስቴ እስክሪብቶውን መለሰችለት።

"አንተን ወድጄሃለሁ። ግን እናንተ ጋ ከገባሁ፣ ነገ አውቶቡሱን ብታነሱት ማን ደጃፍ ልቆም ነው? የራሴ?"

በመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱ "በፓርቲያችን ጥረት" የሚል ባነር ተለጥፎበት መጣ። ደሜ ፈላ! ልገነጥለው ስንደረደር ክንዴን ያዘችኝ።

"ተወው፣ ይለጥፉ። ይልቅ ግባ፣ እንዳናረፍድ።"

መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የታመመ እግሯን ዘረጋች። አውቶቡሱ እያጓራ ዳገቱን ጀመረ፣ ጨረሰ። አክስቴ ሰዓቷን አየች።

"ሦስት ደቂቃ?" አለች። "የከለከሉን ሦስት ደቂቃ ነበር እንዴ?"

ያ ሁሉ ሰው እየዘፈነ እሷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።