ጉድጓድ የሚደፍኑት ጎረቤቴ

ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ዕድር ላይ ይነዛነዛል፣ ወይ የመሬት ደላላ ይሆናል። ሱሉልታ ውስጥ አጥር የሚያዋስነን የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ሁለቱንም አልፈለጉም። ልጃቸው ከዱባይ ያመጣችላቸውን ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ለሜዳ መዞር ጀመሩ።

ለዝገት መንሰፍሰፍ ሥራ የፈታ ሰው በሽታ መሆኑን ነገርኳቸው።

«አንተስ ሥራ የፈታኸው ወንበር ላይ አይደለም እንዴ? ተነስ፣ አካፋ ያዝ» አሉኝ።

ይዤ ተከተልኩ።

ሜዳው ከብት የሚያረቡና ድርቆሽ የሚሸጡ የአንድ የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ሁሉም ኦቦ ይላቸዋል። እንድንገባ የፈቀዱልን ባለቤታቸው ስለለመኗቸው ነው። ሴትዮዋ አዲስ ሙሽራ ሳሉ፣ መሬቱ ገና ገብስ ይዘራበት በነበረ ጊዜ፣ ሲያርሙ ከአንገታቸው ጠገራ ብር ወድቆባቸው ቀርቷል። እናታቸው ያጠለቁላቸው ነበር። አሁን ጥር ላይ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የአያቷን ብር አንገቷ ላይ ሊያዩ ይመኛሉ።

«አዴ፣ እንሞክራለን» አሏቸው ጎረቤቴ። ከዚያ በላይ ቃል አልገቡም።

ሰውየው ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ማሽኑ ለቆርኪ ጮኸ፣ ለሚስማር ጮኸ፣ ለተሰበረ ማጭድ ጮኸ፤ እሳቸው ሁሉንም በእኩል አክብሮት ያወጣሉ። ሣሩን እንደ ክዳን ቆርጠው ያነሳሉ፣ አፈሩን ጆንያ ላይ ያጠራቅማሉ፣ ሲጨርሱ መልሰው ሣሩን ይከድኑና በእግራቸው ቀስ አድርገው ይጠቀጥቁታል። አሁን የቆፈሩበትን ቦታ አጠገቡ ቆሜ አጣሁት።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። እኛ ሰፈር ቧንቧ ሊቀብር የመጣም፣ ገመድ ሊዘረጋ የመጣም እንደከፈተው ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ሲያዩን የዋሉ ጎረምሶች ጉድጓድ በዚህ ዓይነት የሚደፍን ሰው የሚደብቀው ወርቅ አለው ብለው ደመደሙ። በሳምንቱ ስንመጣ ሜዳው ወንፊት ሆኖ ጠበቀን። ጎረምሶቹ ጎረቤቴ የት እንደደፈኑ መለየት ስላልቻሉ በየቦታው እስከ ወገባቸው ቆፍረዋል።

ኦቦው ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። «አካም ቡልታን?» ብለው በሽሙጥ እንዴት አደራችሁ አሉን። «ላሜ እግሯ ቢሰበር ማሽንዎ ይታለባል?»

«አይታለብም። ደፍኜው እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አልመጣም» አሉ ጎረቤቴ።

«እርስዎ አልቆፈሩትም!» አሉ ኦቦው።

«እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት።»

ሴትዮዋ ራቅ ብለው ቆመዋል። ለእሳቸው ነገሩ በዚሁ አለቀ ማለት ነው።

መድፈን ጀመርን። ጎረቤቴ ግን እያንዳንዱን የአፈር ክምር ወደ ጉድጓዱ ከመመለሳቸው በፊት ማሽኑን ያሳልፉበታል።

«ጋሼ፣ ሌቦቹ ያላገኙትን?» ብዬ ሳቅኩ።

«እነሱ እኮ የፈለጉት ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ነው። ጭቃ የለበሰ ብር መች ያያሉ?»

ከሰዓት በኋላ አንዱ ክምር ጮኸ። በጣታቸው ፈልፍለው ጥቁር ክብ ነገር አወጡ፤ ማንጠልጠያው አልወለቀም። ከላይ ሆኖ ማሽኑ ያን ያህል ጠልቆ አይሰማም ነበር፤ ጎረምሶቹ ባይቆፍሩት አናገኘውም። ስስትን ያመሰገንኩበት ሌላ ቀን የለኝም።

ብሩን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀበሉ። ሴትዮዋ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ማንጠልጠያውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«ለልጅቷ አስቀምጪው» አሉ ባላቸው።

«ጥር ሩቅ ነው።» የአንገታቸውን ክር ፈትተው ብሩን አስገቡና መልሰው አሰሩት። «እስከዚያ ሙሽራዋ እኔ ነኝ።»

ኦቦው ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉና መጥተው አካፋውን ከእጄ ቀሙኝ።

«ዞር በል አንተ! ቀኑን ሙሉ አንዷን ጉድጓድ ደፍነህ አልጨረስክም።»