የካርታው መጨረሻ

ታናሽ ወንድሜ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ከሥራ ሲገባ የእጁን ሙጫ እንኳ ሳያስለቅቅ ስካነሩ ፊት ይቀመጥና፣ የልጅነታችን የቪዲዮ ጌም መጽሔቶች እንዳይጠፉ ገጽ በገጽ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሳም ብል አላጋነንኩም።

አንዲት ገጽ ግን ፍዳውን አበላችው። የአንድ ጨዋታ ካርታ ያለባት ናት። ከጀርባዋ የሽልማት ኩፖን ስለነበር፣ ኩፖኑ ሲቆረጥ የካርታው መጨረሻም አብሮ ሄዷል። በየአገሩ ያሉ ሰብሳቢዎችን ለመነ። አስራ አንድ ሰዎች የየራሳቸውን ቅጂ ፎቶ አንስተው ላኩለት። አስራ አንዱም እዚያችው ቦታ ላይ ተቆርጠዋል።

ትናንት «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው የሚቆርጠው?» ብሎ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ንዴቴ መጣ።

«አንተው ነህ እንጂ! ‹ካልቆረጥኩት ሞቼ እገኛለሁ› ብለህ መቀሴን አልነጠቅከኝም? ሽልማቱ እንደሆነ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መጽሔቱን አንስቶ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ።

«የወደደው ሁሉ ቆርጦታል፣ እትዬ» አለኝ። «ያልቆረጠው ደግሞ ድሮ ጥሎታል።»