ክፍል ሁለት በነፃ የለም

ከቢቸና የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ እህቴን የሺን ግን የተሰናበትኳት እቤት፣ አልጋዋ ላይ ነው። የሺ ሞጣ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ወደ ቤት ስትመጣ ሚኒባሱ ተገልብጦ ወገቧን ተመታች፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ከሕመሙ ይልቅ የጎዳት ግን ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ማየቱ ነው።

«ልብስ እንዳትልክልኝ፤ ተኝቼ ምን ላደርገው?» አለችኝ። «መጽሐፍ ላክልኝ። ሌላ ዓለም ያለበትን፣ ሕዋ ላይ የሚሄዱበትን፣ ዘንዶና ጠንቋይ ያለበትን። ስለ ታመመ ሰው የሚያወራ ከላክህ ግን አላናግርህም!»

«በሻንጣ እልክልሻለሁ፣» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ከደጀን የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር ይኸው ቃሌ ነበር ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው። የቀረውን መንገድ አልዘረዝረውም። ሱዳንን፣ በረሃውንና ባሕሩን ያለፈ ያውቀዋል፤ ያላለፈ እናቱ ዘንድ ይቀመጥ።

ሰሜን ስዊድን፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አስቀመጡኝ። የጮቄን ውርጭ አይቻለሁ ባይ ነበርኩ፤ እዚህ ግን የአፍንጫ ፀጉር ይደርቃል። ዳቦው ስኳር፣ ዓሣው ስኳር! ጎረቤቴ ደግሞ ደረጃ ላይ እንዳንገናኝ ኮቴዬ እስኪጠፋ በሩን አይከፍትም። እኛ አገር ሰው ሰላም ሳይልህ ቢያልፍ ምን አስቀየምኩት ብለህ ሽማግሌ ትልካለህ።

ሞቅ ያለው ቦታ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነበር። አንድ ግድግዳ ሙሉ የሺ የምትወዳቸው ዓይነት መጻሕፍት! ሽበታሟን ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት።

«እነዚህን በኢንተርኔት በነፃ ማግኘት ይቻላል?»

«እንዴታ! ፔሾንኑመርዎን ያስገቡ።»

ፔሾንኑመር የሰው መለያ ቁጥር ማለት ነው፤ ጉዳዩ ላልተወሰነለት ስደተኛ አይሰጥም።

«እሱ የለኝም። የስደተኞች መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ቁጥር ግን አለ።»

«እሱ ፔሾንኑመር አይደለም።»

«ቁጥር አይደለም እንዴ?»

ካርዴን አገላብጣ አየችው። «ቁጥርስ ነው። የሰው ቁጥር አይደለም እንጂ። ቲቬር።»

ቲቬር ማለት «ያሳዝናል፣ አይሆንም» ነው። አጥርቼ የተማርኩት የመጀመሪያው የስዊድን ቃል።

ራሴ ፍለጋ ጀመርኩ። «በነፃ ያውርዱ» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ስጫን የባንክ ካርድ ይጠይቀኛል፤ ባንክ ስሄድ ያንኑ የሰው ቁጥር። አንዱ ድረ ገጽ ስልኬን በቫይረስ አሳበደው። ሌላው መጽሐፍ ብሎ የሰጠኝ ሽፋኑንና ማውጫውን ብቻ ነው። በመጨረሻ ደራሲዎቻቸው ሞተው ዘመን ያለፋቸውን፣ በሕግ ነፃ የሆኑትን የሚሰጥ ደህና ቦታ አገኘሁና አራት ላክሁ። የተቀበለልኝ የሺን የሚያክማት ነርስ ከድር ነው፤ የጅማ ልጅ ነው፣ ቢቸና ተመድቦ የመጣ። ኔትወርክ ሲገኝ መብራት ጠፍቶ፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ ደግሞ ደወለ፤ «ወንድሜ፣ ፋይሉ አልከፈትም አለኝ!» ወደ ሌላ ዓይነት ቀይሬ እንደገና ላክሁ።

የሺ አንብባ ደወለች። «ይኼ እንግሊዝኛ ከግዕዝ ይከብዳል! ሰውዬው ከመርከብ ለመውረድ ሁለት ገጽ ፈጀበት። ዘንድሮ የተጻፈ የለም?»

ተናደድኩ። ዘጋሁባት ማለት ይቻላል። በማግስቱ አፍሬ እንደገና ፍለጋ ገባሁ። አንዲት በሕይወት ያለች ደራሲ በራሷ ገጽ ላይ የመጽሐፏን ክፍል አንድ በነፃ ለቅቃ አገኘሁ። ሰማይ ላይ በገመድ ስለተንጠለጠለች ከተማ ነው። ላክሁት። የሺ በሁለት ቀን ጨረሰችው።

«ገመዱ ተበጠሰ! ከዚያስ?»

«እሱ ክፍል ሁለት ላይ ነው።»

«ላክልኛ!»

«በነፃ የለም።»

«ይቺ ሴትዮ ተንኮለኛ ናት፣» አለች።

ቤተ መጻሕፍቱ ሮጥኩ። ክፍል ሁለት መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፤ በስዊድንኛ። «እንግሊዝኛው የለም?» አልኩ። ሽበታሟ ሴትዮ አፏን ሳትከፍት መልሱን አወቅሁት። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ ከሰዓት ታገልኩ፤ የገባኝ ነፋስ የሚለው ቃል ብቻ ነው።

እሑድ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። አልተቻለኝም፣ የሺዬ፣ ቃሌን አልጠበቅሁም አልኳት።

«ተወው አንተ፣» አለች። «እኔ እነግርሃለሁ።»

«ምኑን?»

«ክፍል ሁለትን። እኔ ከራሴ እየፈጠርኩ ስናገር ከድር ይጽፋል፤ ሠላሳ ገጽ ደርሰናል። ዝም ብለህ አድምጥ። ገመዱ ሲበጠስ ሁሉም ጮኸ። ከተማዋ ግን አልወደቀችም፤ እንዲያውም …»

ተቋረጠ።

ይኸው አራት ቀን እየደወልኩ ነው፤ ቢቸና ኔትወርክ የለም። ለሥራ ሊቀጥሩኝ የጠሩኝ ሰውዬ ሲያናግሩኝ እንኳ ሐሳቤ እዚያው ነው። ከተማዋ ካልወደቀች፣ ወዴት ሄደች?