በሥዕል ፊት የወረደ ሙሾ

ወሎ ሰፈር ውስጥ ወርቄ ያልተገኘችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ሙሾ ስታወርድ ድንኳን ሙሉ ሰው ታስለቅሳለች። አምና ባሏ ጉግሳ ሲሞት ግን አንዲት ስንኝ እንኳ ጠፋቻት። ጎረቤት መቼ ይምራል፣ «ለሰው ሲሆን ምላሷ ስል ነበር» ተባለ። ያን የመሰለ ሰው ያለ ሙሾ መሸኘቷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ልጇ ሰምሃል ቦሌ አንድ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ ታስተናግዳለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታዳሚው ደስ ያለውን ሥዕል መርጦ ግጥም የሚገጥምበት ፕሮግራም ነበርና እናቷን ይዛት ሄደች።

«እማዬ፣ ጀስት የመጣልሽን በይ፤ ኖ ፕሬሸር» አለቻት።

ወርቄ ነገሩ አልገባትም። አንዱ ለፈረስ ይገጥማል፣ ሌላው ለጎመን ይገጥማል። ማን ሞቶ ነው?

ኋላ ዓይኗ አንድ ሥዕል ላይ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ አሸልበዋል፤ ባርኔጣቸው እግራቸው ሥር ወድቋል። ጉግሳም ከምሳ በኋላ የሚያሸልበው ልክ እንዲህ ነበር። ሳታስበው አፏ ተከፈተ፦

ባርኔጣህ መውደቁ ካላነቃህማ፣
የኔ ደካማ ድምፅ እንዴት ሊሰማ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወርቄ ግራ ገባት። በሙሾ ደረት ይደቃል እንጂ ይጨበጨባል እንዴ? ይባስ ብሎ ከፊት ወንበር አንድ አዛውንት ብድግ አሉ። የሥዕሉ ሰውዬ እሳቸው ራሳቸው! ሰምሃል «አቶ ካሳዬ ናቸው፣ የተሳሉት» ብላ ሹክ አለቻት። ወርቄ አማተበች። በቁም ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት እኮ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ! እኔ የሞቱ መስሎኝ…»

«ኧረ አለሁ!» ሳቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «ለመሆኑ ያለቀስሽው ለማን ነው ልጄ?»

ሥዕሉንም ሰውዬውንም አየች። ለሥዕሉ ነው? ለእኚህ ሰው ነው?

«ለጉግሳ» አለች በመጨረሻ። «ለባሌ። አምና ሞተብኝ… አላለቀስኩለትም።»

ስሙን ጠርታ እንደ ሐዘንተኛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አቶ ካሳዬ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። ከኋላቸው የነበረች ወጣትም ምን እንደሚደረግ ባታውቅም ያንኑ ደገመች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ተከተለ። ወርቄ ያለችው ሙዚየም ይሁን ለቅሶ ቤት እንደጠፋት፣ ለእያንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ራሷን ዝቅ ታደርግ ጀመር።