ጋሽ መሰላል ዛፍ ላይ የቀሩ ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መሰላል» ነው የሚላቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። የመብራት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ያው ናቸው፣ የሚያዝዛቸው አለቃ ብቻ ነው የቀረው።

የሰፈሩ መንገድ ግራና ቀኙ በአያት ዘመን ዛፎች የታጀበ ነው። በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ዛፎቹ ላይ የተሰቀለው አምፖል ሁሉ ባንዴ ቦግ ይላል። ይህን ለማየት ሰው ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ይመጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰቀሉትም ያበሩትም ጋሽ መሰላል ናቸው። ማብሪያው ያለው ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ። «ኧረ ትርፍ እናስቀርጽ» ሲባሉ «ሞቻለሁ እንዴ?» ይላሉ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሰውየው መንገዱ ሲበራ አይተው አያውቁም! እጀታውን ወደ ላይ የሚገፉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። ከጀርባቸው ሕዝቡ «ውይ!» ሲል ይሰማሉ፤ ሲዞሩ በርቶ ያገኙታል። «አይቆጭዎትም?» ሲሏቸው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ ይናፍቃቸዋል።

አምና ከመሰላል ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ነርሷ ልጃቸው እያለቀሰችም እየተቆጣችም ጄሶ አሰረችላቸው። ዘንድሮ መሰላላቸውን በሰንሰለት ቆለፈችና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ሁለተኛ መሰላል ላይ ባይህ ያንገትህን ቁልፍ እወስደዋለሁ። ቀልዴን አይደለም።»

ማሉ፣ ተገዘቱ። ያለዚያች ቁልፍ እኮ እሳቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቁታል።

የዘንድሮውን አምፖል የሰፈሩ ኮሚቴ በቅጥረኛ አሰቀለ። ቅጥረኞቹ ዳቦ ቤቱ ፊት ያለውን ትልቁን ዛፍ አናቱን ባዶ ትተውት ሄዱ። ጋሽ መሰላል በመስኮት እያዩት ሦስት ቀን እህል አልወረደላቸውም። «መላጣ ሙሽራ!» ይላሉ፣ ይተክዛሉ።

በዋዜማው አሥር ሰዓት ላይ፣ ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለች፣ ቀለም ቀቢው መሰላሉን ዳቦ ቤቱ ላይ ደግፎ ወደ ጓሮ ሲገባ አዩት። ከዚያማ ምን ይጠየቃል? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! መሰላሉን ወስደው ዛፉ ላይ ደገፉ፣ ከቤት ያመጡትን የአምፖል ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ወጡ፣ አንድ ባንድ አስረው ከታችኛው ገመድ ጋር አገናኙት። እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

ሊወርዱ እግራቸውን ቢልኩ መሰላሉ የለም። ቀለም ቀቢው «ደሞ ማነው እዚህ ያመጣብኝ?» እያለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሊጠሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ልጃቸው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች። አፋቸውን ገጥመው ቅርንጫፉን አቀፉ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከታች የሚያያቸው የለም። «እሷ ቤት ትግባ እንጂ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አሉ በሆዳቸው። እሷ ግን ዳቦ ልትገዛ ቆመች፣ ከባለ ዳቦ ቤቷ ጋር ወሬ ወሬን ወለደ፣ ሕዝቡም እየመጣ ዛፉን ከበበው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። «ጋሽ መሰላልስ?» ተባለ። ቤታቸው ተኬደ፣ የሉም። ተደወለ፣ ስልኩ ቤት ውስጥ ይጮሃል። የኮሚቴው ሊቀመንበር «እንግዲህ ሳጥኑ ይሰበር!» አለ። እሱንም ቻሉት። ልጃቸው ግን «አባቴ አንድ ነገር ሆኗል፣ ለዚች ቀንማ አይቀርም» ብላ እንባ ሲተናነቃት አልቻሉም።

«ልጄ» አሉ ከላይ። «አለሁ። ቁልፉም አለ።»

ሕዝቡ አንጋጠጠ። ልጅቱ እንባዋን ጠረገችና ጮኸች።

«አባዬ! ጭራሽ ዛፍ ላይ?»

«መሰላል ላይ ባይህ ነው ያልሽው። የታል መሰላሉ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቁልፉን ካንገታቸው አውልቀው ለቀቁላት። ቀለበችው፣ እየተብከነከነች ሄዳ ሳጥኑን ከፈተች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እጀታውን ገፋችው።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። ጋሽ መሰላልም መሀሉ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው አብረው በሩ።

«ይሄን ነው እንዴ ስታዩ የኖራችሁት?» አሉ። በጫጫታው ማንም አልሰማቸውም። አለቀሱ፤ ደስ ብሏቸው አለቀሱ።

ቀለም ቀቢው ተጠርቶ፣ እየተራገመም ይቅርታ እየጠየቀም አወረዳቸው። ልጃቸው ቁልፉን ጨብጣ ጠበቀቻቸው።

«ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው» አለች።

«ይሁን፣ የኔ ልጅ። ግን አንቺ እኮ አላየሽም። ግድግዳ ነው ያየሽው።»

«ዞሬ አየሁት።»

«እሱን እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ። በይ ሂጂ፣ መሀል መንገድ ላይ ቁሚ።»

ልትከራከር ነበር፤ ዓይናቸውን አየችና ሄደች። እሳቸውም ክፍት ወደ ቀረው ሳጥን ሄደው እጀታውን ወደ ታች ሳቡት፣ መንገዱ ድርግም አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ሊቀመንበሩ «ኧረ የምን ጉድ ነው!» እያለ ሮጦ መጣ። ጋሽ መሰላል ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ልጃቸው መሀል መንገድ እስክትደርስ ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እጀታውን ገፉት።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ «ውይ!» መሀል የልጃቸውን ለይተው ሰሙት።